በአንጓች ስም ያየናት ጨረቃ

የዚያን ዕለት ማታ በመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ እናኑ፣ የልብስ ሰፊው የካሴ ሚስት። ልጄ ማንጠግቦሽ ካሴ፣ ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ። ጎረቤቴ አለሚቱ፣ ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ሄዶ የቀረባት። መሪጌታ ፈለቀ፣ በእርጅናቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው። ጓድ ፈንታ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ከጎንደር የኮከብ ማያውን ቱቦ ይዞ የመጣው መምህር አዳነ። ከእርሱ ጋር የመጣው፣ ስማችንን የመዘገበው ጸሐፊ፣ የእርሱን ስም ግን ማንም አልጠየቀውም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች። ሌላው ሕዝብ ነው፤ ብዙ ነበር፣ በስም አልዘልቀውም። አንጓች ተገኘ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው መዝገቡ ላይ ነበረች ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ያስጻፍኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። መጥፋቱስ አዲስ አይደለም፤ ግን ሻማውም አልቆ ነበርና ማንጠግቦሽ አጎንብሳ ከአልጋ ሥር የአባቷን ፋኖስ አወጣች። ላምባውን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ዛሬ ላምባ እንደ መድኃኒት ተፈልጎ ነው የሚገኝ። ክሩን ለኩሳ መስተዋቱን ስታወርደው ያ ሽታ መጣ። ሌላው ሰው ላምባ ሲሸተው ጨለማ ቤትና ጥላሸት ያስታውሰው ይሆናል። እኔ ግን ያቺ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ፣ መዝገብ፣ የጸሐፊው የቀለም ጣት ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ልጄም አየችኝ። «ምነው እማዬ፣ በረደሽ?» አለችኝ። አዎ በረደኝ አልኳት። እኔ ነገር ሲጠይቁኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሐሰት ነው፤ ከፍርሃት ነው እንጂ ከክፋት አይደለም ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ።

በዚያ ጊዜ ላምባ በጠርሙስ ነበር የሚሸጥ፣ ማዞሪያው ካለው ሱቅ፣ አንዱ ጠርሙስ በስሙኒ። ልጅ ጠርሙሱን በገመድ አንጠልጥሎ ሲሄድ መንገድ ላይ ከሰበረው የዚያን ማታ ቤቱ በምድጃ ብርሃን ያመሽ ነበር። ኮንጎ ጫማ ሁለት ብር ከሃምሳ ነበረ፤ ዝናብ ሲነካው እንደ እንቁራሪት የሚጮህ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚልጥ፣ ቢሆንም ኮንጎ ያደረገ ልጅ ራሱን እንደ ባለ ፈረስ ነበር የሚቆጥር። ሴቶች አቡጀዲ ቀሚሳችንን ሰማያዊ ቀለም እየነከርን እናሳምር ነበር። ወንዶች ሹመት ሲያገኙ ካኪ ያሰፋሉ። ካሴ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ካኪ ነበር የሚሰፋ። ካኪ የለበሰ ሁሉ ያስፈራኝ ስለነበር «አንተ እኮ አትፈራም» ስለው፣ «ምን ያስፈራኛል፣ ኪሱን የሰፋሁለት እኔ!» ይለኝ ነበር። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው አውቶቡስ በረንዳችን ሥር አቧራውን አራግፎ ያልፋል፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የኪነት ቡድኑ አኮርድዮን ሲለማመድ ይሰማል፣ ሁልጊዜ አንዲቷን ዜማ፣ ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ተሳስተው። ዛሬ ያን በረንዳ አከራይተነው የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ሳልፍ ዜማዋ እዚያችው የተሳሳቱባት ቦታ ላይ ትመጣብኛለች።

እኔ መካነ ኢየሱስ የመጣሁት በጋብቻ ነው፣ አገሬ ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ። ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ማንጠግቦሽን አዝዬ ነው። ከዚያ ማታ ማታ እየሄድኩ እስከ አራተኛ ክፍል ደረስኩ። ከማንጠግቦሽ በፊት ሁለት ወልጄ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ዐቢይ ጾም ኩፍኝ ወሰደብኝ፣ አንደኛውን ቀብረን የመጣንበት ጭቃ ከእግራችን ሳይደርቅ ሁለተኛዋን። ማንጠግቦሽ ስትወለድ እናቴ አራስ ቤት ሆኜ አንድ ደብተራ አመጣችልኝ። የልጅቷን ስም ጠየቀ፣ የእኔን ስም ጠየቀ፣ በጣቱ ቆጠረ። የአባቷን ስም አልጠየቀም፤ ኮከብ የሚቆጠረው በራስና በእናት ስም እንደ ሆነ በእኛ አገር ሕፃን ያውቃል። ቆጥሮ ቆጥሮ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ። «የዚችን ልጅ ስም ከስምሽ ጋር አንድ ላይ ለባዕድ እንዳትሰጪ። ሁለቱን የያዘ ኮከቧን ያዘ።» ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት አትከራከርም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት። ክትባት ሲመጣ ስሟን ያስጻፈ አባቷ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ያስጻፈ አባቷ። የእናት ስም ሲሉት የእናቱን ስም ያስጽፍልኝ ነበር፣ እየሳቀ።

ጥር ላይ ነው፣ ውቂያ አልቆ ገብሱ ጎተራ የገባ ጊዜ። ጓድ ፈንታ በድምፅ ማጉያ በየሰፈሩ ዞረ። «የኮከብ መመልከቻ መሣሪያ ከጎንደር መጥቷል! ዛሬና ነገ ማታ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሕዝቡ በነፃ ያያል! ማንም እንዳይቀር!» በዚያ ዘመን ማንም እንዳይቀር ከተባለ የቀረው ይቆጠራል። አለሚቱ በአጥር በኩል ጠራችኝ።

«አንቺ እናኑ፣ ትሄጃለሽ?»

«መቅረት ይቻላል ብለሽ ነው?»

«እኔስ ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። ያ ቱቦ ሩቅ የሚያሳይ ከሆነ ወደ ሁመራ አዙርልኝ እለዋለሁ። ባሌን ከማን ጋር እንዳለ ልየው።»

ካሴ የሚያደርሰው ካኪ ስለነበረው ቀረ። እርሱ ቢመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሜዳው መግቢያ ላይ የተማሪ ጠረጴዛ ተቀምጦ ፋኖስ በርቶበታል። ጸሐፊው ከጎንደር ይዞት የመጣው ትልቅ መዝገብ ነበረው፤ ልጅ ይዞ የመጣ የልጁን ስም ያስመዘግባል፣ ልጁም ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠች ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ የማንጠግቦሽን የእጅ አንጓ ጨብጬ ተሰልፌያለሁ። የፋኖሱ ላምባ ይሸታል። ከፊታችን ያሉት ሲመዘገቡ ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። ስም፣ የአባት ስም። ከዚያ፣ የእናት ስም።

 ኮከብ የሚያይ ሰው፣ ሌላ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቱቦ ያለው፣ የልጅ ስምና የእናት ስም ይመዘግባል! ለእኔ ከደብተራው የሚለየው በቱቦው ብቻ ነበር። እንዲያውም ቱቦው ባሰብኝ፣ የያዘውን ስም ይዞ ኮከቧን ራሷን ፈልጎ ሊያገኛት ነው። ዛሬ ሳስበው ያስቃል። ያን ዕለት ግን አላሳቀኝም። ከሰልፍ ልውጣ ብል ጥበቃዎቹ በር ላይ ናቸው፣ ጓድ ፈንታም እያየኝ ነው። አለሚቱ ወደ ፊት ሄዳለች። ማንጠግቦሽን «ሂጂ፣ አለሚቱ ጋ ቁሚ» አልኳትና እጇን ለቀቅኩ። ስሟን ስሸጠው እንዳትሰማ።

«የልጅ ስም?» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«የእናት ስም ለምን ያስፈልጋል፣ ጌታዬ?»

«ቅጹ ላይ አለ። የልጅ ስም?»

«አንጓች» አልኩ።

ከአፌ የወጣችው እርሷ ነበረች። አንጓች የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘነቡ የወንድም ልጅ ናት፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አባት እናቷ ሞተውባት ከአክስቷ ጋር የምትኖር። ያን ማታ ጉንፋን ይዟት ቤት ተኝታለች።

«የአባት ስም?»

«ተገኘ።»

«የእናት?»

«ይመኙሻል።»

እዚህ ላይ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ደግሞ ሌላ ሐሰት ይሆናል። ይመኙሻል ሌላ አገር ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስሟን ያወቅኩት ከወይዘሮ ዘነቡ ነው። የሞተች እናት ስም ኮከብ አያስይዝም፣ መሬት ወርዷል፣ ማንንም አይጎዳም ብዬ አሰብኩ። አንጓችንም አልጎዳኋትም፣ የእኔንም አዳንኳት አልኩ።

«አንቺ እናቷ ነሽ?» አለኝ፣ አሁን ቀና ብሎ።

«ጎረቤቷ ነኝ።»

ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፤ ለእኔ አንዷ በቃችኝ። ጸሐፊው ዐሥራ ሰባት የተጻፈባትን ካርቶን ሰጠኝ፣ ሄጄ ለማንጠግቦሽ ሰጠኋት፣ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘቻት።

ከዚያ መምህር አዳነ ፋኖሱ ይጥፋ አለ። ብርሃን ካለ ሰማይ አይታይም ብሎ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ፣ ጓድ ፈንታ በጨለማው ውስጥ «ተረጋጉ! ንቁ ሆናችሁ ተረጋጉ!» ሲል ሰማነው። አለሚቱ በጆሮዬ «ነቅቶ መረጋጋት እንዴት ነው?» አለችኝ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ነጠላ ዘልቆ ይገባል። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምደው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ሰማዩን ገና ያን ቀን ያየሁት መሰለኝ። ወገዳ ልጅ ሆኜ ከዚያ የበለጠ ኮከብ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ግን ቀና ብሎ ኮከብ መቁጠር ነውር ነው ይሉን ነበርና አሻቅበን አናይም። እዚያ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሹሙም ቄሱም፣ አንገቱን ሰብሮ አሻቀበ።

ቱቦው የሰው ክንድ ቢሆን ነው፣ በሦስት እግር ላይ የቆመ። መምህር አዳነ ቀጭን ነው፣ ቴትሮን ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ብርዱ ያንገጫግጨዋል፣ ድምፁ ግን የሚያሳሳ ትሑት ነበር። በመጀመሪያ መሪጌታ ፈለቀን ጋበዘ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጎነበሱ፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ጨፈኑ፣ ቆዩ። ጓድ ፈንታ፣ ልጅ ሆኖ ዳዊት ያስደገሙት እርሳቸው ናቸው፣ ጠጋ ብሎ «እህስ መሪጌታ፣ መልአክ ታየዎት?» አለ፣ ሕዝቡ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «መልአክ በቱቦ የሚታይ ቢሆንማ ኖሮ፣ ፈንታ ልጄ፣ አንተ ቀድመህ አስመዝግበኸው ነበር» አሉት።

በጨለማ ውስጥ የሳቀው ማን እንደ ሆነ አይታወቅምና ሁሉም ሳቀ። ጓድ ፈንታ ራሱ የሳቀ መሰለኝ።

ተራዬ ደርሶ እኔም አየሁ። ጨረቃ ግማሽ ነበረች። ዝናብ ያባራ ዕለት ከብት የተራመደበት ጭቃ ትመስላለች፤ ጎድጓዳው፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለው፣ ጥላ የተኛበት። እንዲህ ያለ ምድር ላይ ማንም የለም መባሉ አሳዘነኝ። ወዲያው ደግሞ ከቱቦው ጥግ ሾልካ ወጣችና ጨለማ ብቻ ቀረ። ሰበርኩት ብዬ ደነገጥኩ። መምህር አዳነ «አይዞዎት» ብሎ ቱቦውን በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሳት። ለሁሉም እንደዚሁ ነበር፣ በየተራው ይገፋታል።

ማንጠግቦሽ ካርቶኗን ይዛ ቀረበች። አይታ አይታ «ትሸሻለች!» አለች።

«ለምን የምትሸሽ ይመስልሻል?» አላት መምህር አዳነ። ሌሎቹን ልጆችም ጠይቋቸው ነበር። አንዱ ነፋስ ነው ብሎት ነበር፣ አንዷ ሰው በዝቶባት ፈርታ ነው።

ማንጠግቦሽ «እኛ ነን መሰለኝ የምንሄደው» አለች። «አያቴ ዘንድ አውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳሁ ስዞር፣ የገብሱ ክምር ነው የሚዞር የሚመስለኝ። ክምሩ ግን ቆሟል። የምዞረው እኔ ነኝ።»

መምህር አዳነ ብርዱን የረሳው መሰለ። ከዚያ አጎንብሶ ካርቶኗን በሲጋራ መለኮሻው ብርሃን አየና ወደ ጸሐፊው ጮኸ። «ዐሥራ ሰባት ላይ ምልክት አድርግ!» ለልጄም «ገና እንጠራሻለን» አላት። እኔ ልጄን ወደ ራሴ ሳብኳት። ኩራት ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እሰይ ስሟን አላገኘውም የሚል ነበር። ቤት ስንገባ ማንጠግቦሽ ካርቶኗን ከትራሷ ሥር አስቀምጣ ተኛች። ሲነጋ፣ እርሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። ስትፈልግ አይጥ በልቷት ይሆናል አልኳት።

ጾሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጓድ ፈንታ ወረቀት ይዞ ወይዘሮ ዘነቡ በር ላይ ቆመ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ኮከብ በታየበት ጊዜ ከተመረጡት ልጆች አንዷ አንጓች ተገኘ ናት፣ የእናቷ ስም ይመኙሻል፣ ደብረ ታቦር ቀርባ ትጠየቃለች፣ ካለፈች መንግሥት ባሕር ማዶ አስተምሮ ያመጣታል አለ። ወይዘሮ ዘነቡ ጌሾ እየለቀሙ ነበር፣ ሰፌዱን አላስቀመጡም።

«የእኔ ልጅ? ከምንጭ ውሃ ሌላ ምን አይታ ታውቃለች?»

«እዚህ ተጽፏል እኮ፣ እናቴ። የሟች እናቷ ስም ሳይቀር።»

ያን ጊዜ አጥሩን አልፌ «ስሟን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የእኔ ናት» ብል ሁለት ነገር ይመጣል። መንግሥትን አታለልሽ መባል አንዱ ነው። እርሱ አይደለም ያስቀረኝ። እውነቱን ከተናገርኩ ባሕር ማዶ የምትሄደው ማንጠግቦሽ ናት። ሁለቱን መሬት ወሰደብኝ፣ ሦስተኛዋን ባሕር ሊወስድብኝ ነው አልኩ። ልብሱን ጨምቄ ደግሜ ነከርኩት፣ እንደገና ጨመቅኩት።

ማታ ለካሴ ነገርኩት። ካሴ ጨርቅ ያልገባበትን መኪና በባዶው ይረግጥ ጀመር። «ተናገሪ ብልሽ የእኛዋ ትሄዳለች» አለ። «አትናገሪ ብልሽ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። በማግሥቱ ለአንጓች ቀሚስ ይሰፋ ጀመር፣ ከተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ማንም ሳያዘው። ማንጠግቦሽ ደግሞ «እማዬ፣ አንጓች እኮ አልመጣችም ነበር፣ ታማ ተኝታ ነበር» አለችኝ። «በማግሥቱ ማታ ሄዳ ይሆናላ» አልኳት። «እኔንስ መቼ ነው የሚጠሩኝ?» አለች።  ሁለት ዓመት ያህል የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር በረንዳ ላይ ትወጣ ነበር።

አንጓች ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። ማንም አልነበረም። ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ባዶ እንስራዋን እንዳዘለች።

«እትዬ እናኑ፣ ያን ማታ ምን ነበር የታየው?»

«ምን አልሽ?»

«ደብረ ታቦር ይጠይቁኛል። ምን እንዳየሁ ካላወቅኩ ይመልሱኛል። ይንገሩኝ።»

ዓይኔን ከእርሷ አሽሽቼ ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። «ማነው እኔን ጠይቂ ያለሽ?»

«የእናቴን ስም እዚህ የሚያውቀው ማነው? አክስቴና እርስዎ ናችሁ። አክስቴ ደግሞ አልሄዱም።» ይህን ስትለኝ ቁጣ አልነበረባትም። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሟን የጠራ ሰው የለም፣ እትዬ። ጓድ ፈንታ ከወረቀቱ ሲያነበው ሰምቼ አለቀስኩ።»

አስቀመጥኳት። ነገርኳት። ጨረቃ ከብት የተራመደበት ጭቃ እንደምትመስል፣ ከቱቦው እንደምትሾልክ። ለምን ትሸሻለች ካሉሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው ብዬ የልጄን መልስ አስጠናኋት። በሬዎቹን፣ አውድማውን፣ ክምሩን። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በሦስተኛው ሳትሳሳት አለችው፣ ከዚያም አሰበችና «እውነት ነው እኮ!» ብላ ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና። ጥርሷ ፊት ለፊቱ ትንሽ ሸረፍ ያለ ስለ ነበር ስትስቅ ሁልጊዜ ትሸፍነዋለች። ልትወጣ ስትል «ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?» አልኳት። ብትጠይቀኝ ኖሮ ሁሉን እነግራት ነበር፣ ይመስለኛል። «ማንጠግቦሽ ኮንጎዋ ይጠባታል ብላኝ ነበር» አለችኝ። ኮንጎውን ሰጠኋት።

በጠዋት ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ማንጠግቦሽ እጇን ታወዛውዝላታለች፣ ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፣ እኔ የማንጠግቦሽን አንጓ ጨብጫለሁ። አቧራው እስኪተኛ አልለቀቅኳትም። ልጄ «አመመኝ፣ ልቀቂኝ» ብላ ነው የለቀቅኳት።

ዓመት ካለፈ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ወይዘሮ ዘነቡ ማንበብ ስለማይችሉ ወደ እኔ ይዘውት መጡ። አጭር ነበር። ደኅና ነኝ፣ ባሕር ተሻግረናል፣ እዚህ ብርድ የለም፣ ግማሽ ቀን ብርቱካን እንለቅማለን፣ ግማሽ ቀን እንማራለን ይላል። ሰላምታ ለእገሌ፣ ሰላምታ ለእገሊት። መጨረሻው ላይ፣ «ለእትዬ እናኑ፣ የዞርኩት እኔ ነኝ፣ ክምሩ እንደ ቆመ ነው ብላለች በሉልኝ።»

«ምን ማለቷ ነው?» አሉኝ ወይዘሮ ዘነቡ።

«የልጅ ነገር ነው» አልኳቸው።

መልሱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ እርሳቸው እየነገሩኝ። ከእርሳቸው ቃል በታች አንድ መስመር የምታህል ባዶ ቦታ ነበረች፤ እዚያ ላይ የእኔን መጻፍ እችል ነበር። ሰላም ብላሻለች እናኑ ብዬ ብቻ ሞላኋት። አድራሻው በባዕድ ፊደል ነው የተጻፈው። ያን ፊደል አላውቀውም፣ እንደ ሥዕል አንድ በአንድ ገለበጥኩት፣ አንዱን ጭራ ወደ ላይ ነው ወደ ታች እያልኩ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛም ጻፍን፣ አልመጣም። ይህ ሁሉ ዓመት ሌሊት የሚያነቃኝ እርሱ ነው፤ ምናልባት አንዷን ጭራ አጥፍቼ፣ ምናልባት አንዷን ፊደል ዘልዬ። ልጅቷ እዚያ ሆና ረሱኝ ብላ ይሆናል፣ እኛ እዚህ ሆነን ረሳችን ስንል።

ከዚያ ዘመን ዘመንን ተካ። ካኪው ቀረ፣ ጓድ መባባሉ ቀረ፣ አኮርድዮኑም ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። የወይዘሮ ዘነቡ ቤት ክዳን በአንድ ክረምት ወድቆ ደብዳቤውም ፖስታውም ጭቃ ሆነ። እርሳቸው ሲሞቱ «የልጄ ወሬ» እያሉ ነው። ካሴም አረፈ። መምህር አዳነ ቱቦውን ይዞ ወደ ወገዳና ወደ አርብ ገበያ ሄደ ሲባል ሰማሁ እንጂ ዳግመኛ አላየሁትም። ማንጠግቦሽ እስከ ስምንተኛ ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ዛሬ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፣ ቤቷ ቤቴ ነው። ጠብቄ ያቆየኋት ልጄ አጠገቤ ናት። ቀና ብዬ ሳያት ግን ሁልጊዜ ከጎኗ አንድ ባዶ ቦታ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ፋኖስ ብርሃን ነገርኳት። ከመዝገቡ ጀምሬ እስከ ፖስታው። ማንጠግቦሽ ክሩን ዝቅ አደረገችው፣ ፊቷን እንዳላየው ይሆናል።

«ዐሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነበርኩ» አለች።

«አንቺ ነበርሽ።»

«ካርቶኗን አይጥ አልበላትም።»

«አልበላትም።»

 ውጭ ውሻ ሲጮህ፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ እንሰማለን። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ «እኔ ይኸው አለሁ፣ እማዬ፣ እኔን ተዪኝ» አለች። «የእኔን ሌላ ቀን እናወራለን፣ ብዙ የምልሽ አለኝ። አሁን እርሷን ፈልጊ። መጻፍ ትችያለሽ አይደል? ጻፊ። ስሟን በትክክል ጻፊ።» ተነሥታ ወረቀት አመጣችልኝ፣ ፋኖሱንም ወደ እኔ አስጠጋችው።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። የማንም ስም ያልተቀየረበት የመጀመሪያው መዝገቤ ነው።

የምንፈልጋት አንጓች ተገኘ ትባላለች። እናቷ ይመኙሻል። በደርግ ጊዜ ከመካነ ኢየሱስ፣ እስቴ፣ በደብረ ታቦር በኩል ከሌሎች ልጆች ጋር ለትምህርት ባሕር ማዶ ተላከች፤ ብርቱካን የሚለቀምበት ሙቅ አገር ነው። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የፊት ጥርሷ ትንሽ ሸረፍ ያለ፣ በግራ እጇ ጀርባ የእሳት ጠባሳ ያላት፣ ስትስቅ አፏን የምትሸፍን። ከእርሷ ጋር የሄዳችሁ፣ አብራችኋት የተማራችሁ፣ ወይም ስሟን የሰማችሁ ካላችሁ፣ በሕይወት ካለች ያለችበትን፣ ከሌለችም የተቀበረችበትን ንገሩን። መካነ ኢየሱስ ገብቶ የልብስ ሰፊው የካሴ ቤት ያለ ሰው ያገኘናል።